9000 ሉመን የምትለዋ ሚኒ ፕሮጀክተር፦ ትገዛ ወይስ ትቅር?

ያቺን ነጭ፣ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ የምታክል ፕሮጀክተር ያላያት ሰው ያለ አይመስለኝም። ቴሌግራም ስትከፍቱ አለች፣ ቲክቶክ ላይም አለች። ማስታወቂያው ሁሌም ያው ነው። አንዲት ልጅ አልጋ ላይ ጋደም ብላ ፈንዲሻ ትበላለች፣ ከፊቷ ያለው ግድግዳ በሙሉ ሲኒማ ሆኗል፣ በመስኮቱ ደግሞ ፀሐይ ቦግ ብሎ ይገባል። ፀሐዩን ስታዩ ጠርጥሩ። ግድግዳው ላይ ያለው ምስል በኮምፒውተር የተለጠፈ ነው። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ እንኳን እሷ፣ ዋጋዋን አስር እጥፍ የሚያወጣ ፕሮጀክተርም እንደዛ አያሳይም።

እኔ ሁለት ጊዜ ገዝቻለሁ። የመጀመሪያዋን ተሸውጄ፣ ሁለተኛዋን አውቄ።

የመጀመሪያዋን የሸጠልኝ ልጅ ጎበዝ ነበር። ከመደርደሪያው ጀርባ ጨለም ወዳለች ጥግ ወሰደኝ፣ ፕሮጀክተሯን ከግድግዳው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አስቀመጠና ከፈታት። ምስሉ የደብተር ገጽ ቢያክል ነው፣ ግን ቁልጭ ያለ ነው። "ቤት ስትወስዳት ራቅ አድርገህ ታሰፋዋለህ" አለኝ። ከፈልኩ። ቅዳሜ ጎረቤት ጠራሁ፣ ቡና ተፈላ፣ ሪሲቨሩን ሰካሁ፣ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ጨዋታው ተጀመረ። ሜዳው የታጠበ አረንጓዴ ጨርቅ መሰለ፣ ተጫዋቾቹ ጥላ ሆኑ፣ ኳሷን ያየ የለም። መጋረጃውን ዘጋን። መጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ጨመርን። እስከ እረፍት ከታገልን በኋላ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ "ልጄ፣ በሬዲዮ ብንሰማው ምን ይመስልሃል?" አሉኝ። ሁሉም እየሳቀ ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ሄደ። እኔም ተከተልኩ።

ሁለተኛዋ እስካሁን ቤት አለች፣ ልጆቹም ይወዷታል። ስለዚህ "እንዳትገዙ" ልላችሁ አይደለም። ማታ፣ መብራት ተጠፍቶ፣ መካከለኛ መጠን ባለው ምስል ፊልም ወይም የልጆች ካርቱን ለማየት ከሆነ ትሆናለች። ቲቪዬን ትተካልኛለች ብላችሁ ከሆነ ግን ብራችሁን ያዙ። አሁን እንዴት እንደሚመረጥና ሱቅ ውስጥ እንዴት እንደሚፈተን ልንገራችሁ።

ከካርቶኑ ላይ መጀመሪያ የምትረሱት ቁጥር

ሉመን የብርሃን መለኪያ ነው። የፕሮጀክተር ትክክለኛ መለኪያ ግን "አንሲ ሉመን" የሚባለው ነው፤ ስያሜው ከአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም የመጣ ነው። ግድግዳ ላይ የወደቀውን ነጭ ምስል ዘጠኝ ቦታ ይከፍሉትና የእያንዳንዱን ብርሃን ይለካሉ፣ አማካዩን በምስሉ ስፋት ያባዛሉ። ማለትም የሚቆጠረው ግድግዳው ጋ የደረሰው ብርሃን ብቻ ነው። ርካሾቹ ላይ የሚጻፈው 9000 እና 12000 ግን ሌላ ነገር ነው። ሻል ሲል የአምፖሏ ብርሃን ምስሉን በሚሠራው ፓኔልና በሌንሱ ሳያልፍ የተሰላ ነው፣ ሲብስ ደግሞ ካርቶን አታሚው ደስ ያለውን የጻፈው ነው።

አላመናችሁኝም? ቻርጀሯን ገልብጡና የተጻፈውን አንብቡ። 12 ቮልት፣ 3 አምፒር ይላል እንበል። አባዙት፣ 36 ዋት ነው። ጥሩ የሚባል ኤልኢዲ በአንድ ዋት 150 ሉመን ቢሰጥ፣ ማራገቢያውም ስፒከሩም ምንም ሳይበሉ 36ቱም ዋት ወደ አምፖሉ ቢሄድ እንኳን 5400 ነው። ገና ከመነሻው 9000 አይሞላም። ከዚያ ብርሃኑ በኤልሲዲ ፓኔል ውስጥ ማለፍ አለበት፤ እነዚህ ፓኔሎች ደግሞ አብዛኛውን ብርሃን ውጠው ያስቀሩታል። ግድግዳው ጋ የሚደርሰው በመቶዎቹ ወይም ከዚያ በታች የሚቆጠር ነው። ከርካሾቹ ውስጥ 150 ወይም 200 አንሲ በእርግጥ የምትሰጥ ካገኛችሁ ጥሩ ዕቃ ነው ያገኛችሁት።

ለማመሳከር ያህል፣ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2022 ፍሪስታይል የምትባለዋን ሲያወጣ ዋጋዋ 899 ዶላር ነበር። ብርሃኗ በአንሲ 230 ገደማ ነው። ቢሮና ትምህርት ቤት የምታውቁት ኤፕሰን ኢቢ ኤክስ 06 ደግሞ 3600 ሉመን ነው፣ ለዚያም ከ200 ዋት በላይ የሆነ አምፖል ይዟል። እንግዲህ በ50 ዶላር የምትሸጠዋ ቆርቆሮ ከዚህ ሁለት እጥፍ ተኩል ትበልጣለች ነው የሚሉን! ኤፕሰን ራሱ አሜሪካ ውስጥ ቁጥር ያጋነኑ ያላቸውን ተወዳዳሪዎች ፍርድ ቤት እስከማቆም የደረሰው በዚሁ ነገር ነው።

የምስሉ መጠን ደግሞ እንደ ሽሮ ነው። ድስቱ ውስጥ ያለው ሽሮ ያው ነው፣ በላተኛ ሲጨምር ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል። 60 ኢንች ምስል ስፋቱ አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ነው። 100 ኢንች ስታደርጉት ወደ 2.75 ካሬ ሜትር ይሄዳል። ብርሃኗ አልጨመረም፣ ስለዚህ ምስሉ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ይደበዝዛል። "እስከ 200 ኢንች" የሚለውን እርሱት። ከ60 እስከ 80 ኢንች ላይ ቁሙ። አብዛኞቹ ከግድግዳው 2 ሜትር ሲርቁ 70 ኢንች ገደማ ይሰጣሉ፣ ለኮንዶሚኒየም ሳሎን ልክ ነው።

የእግር ኳስ ወዳጆች ይህቺን ልብ በሉ። የቅዳሜው የምሳ ሰዓት የእንግሊዝ ጨዋታ እኛ ጋ 8 ሰዓት ተኩል ነው፣ እነሱ የክረምት ሰዓታቸውን ሲይዙ 9 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሁለቱም ጠራራ ነው። ከሰዓት የሚጀመረው ደግሞ 11 ሰዓት ወይም 12 ሰዓት ላይ ይገባል። አዲስ አበባ በደንብ የሚጨልመው ከ12 ሰዓት ተኩል ወዲያ ስለሆነ፣ በዚህች ዕቃ በወጉ የምታዩት የማታውን ጨዋታ ብቻ ነው። ሳሎናችሁ መስኮት የሌለው ከሆነ እሱ ሌላ ነገር ነው።

"ይደግፋል" የምትለዋ ቃል

ቀጥሎ የሚያጭበረብሩበት ጥራት ላይ ነው። ካርቶኑ "1080 ይደግፋል" ይላል፣ ሲብስ "4ኬ ይደግፋል" ይላል። ይደግፋል ማለት ፋይሉን ይቀበላል ማለት ብቻ ነው፤ ተቀብሎ አሳንሶ ያሳያችኋል። ሻጩን የምትጠይቁት "ኔቲቩ ስንት ነው?" ብላችሁ ነው፤ ፓኔሏ ራሱ ስንት የምስል ነጥብ አለው ማለት ነው። የመጨረሻ ርካሾቹ 800 በ480 ናቸው። ኤችዋይ 300 የምትባለዋና ዘመዶቿ 1280 በ720 ናቸው፣ ለዚህ ዋጋ ይሄ በቂ ነው። ሻጩ መልሶ "ፉል ኤችዲ ነው ወንድሜ" ካላችሁ አልገባውም፣ ወይ ደግሞ በደንብ ገብቶታል።

እኔ የምፈትነው በፊደል ነው። ስልኬ ላይ አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ አነሳና በፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ። የኛ ፊደል ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስለኛል። ቁ እና ቂ የሚለዩት አንዲት ጭረት ከወገቧ ወይም ከእግሯ በመውጣቷ ነው፣ ጠ እና ጨ የሚለዩትም በጥቂት ጭረት ነው። መሃሉ ላይ ቁልጭ ብለው ተነበቡና ጥግ ላይ ቁ ይሁን ቂ ካልተለየ ሌንሱ ርካሽ ፕላስቲክ ነው። ጥጉን ስታስተካክሉ መሃሉ ይደበዝዛል፣ መሃሉን ስታስተካክሉ ጥጉ። ትንሽ መደብዘዝ በሁሉም ላይ አለ፣ ለፊልምም አያስቸግርም። ለጥናት፣ ለስብሰባ ወይም ለጉባኤ መዝሙር ግጥም ለማሳየት ከሆነ ግን ችግር ነው።

ሱቅ ስትሄዱ

ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ፍላሽ ያዙ። ውስጡ ሦስት ነገር ይኑር፦ ከላይ ያልኳችሁ የፊደል ገጽ፣ የጨዋታ ቪዲዮና ጨለማ የበዛበት የፊልም ቁራጭ። ጨለማው ያስፈለገው ርካሾቹ ጥቁርን ማሳየት ስለማይችሉ ነው፤ ጥቁሩ ግራጫ ይሆንና የሌሊት ትዕይንት ላይ ማን ማንን እንደሚያባርር አይታወቅም። ፍላሹን ፋት 32 በሚባለው አይነት ፎርማት አድርጉት፣ ብዙዎቹ ሌላውን አያነቡም። ፋት 32 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ የሰርግ ቪዲዮ አልገባ ካለ ምክንያቱ እሱ ነው። ምስሉ እየሄደ ድምፅ ከሌለም ፍላሹን አትውቀሱ፣ የድምፁን አይነት መፍታት አቅቷት ነው።

ከዚያ ሁለት ሜትር አርቀው እንዲከፍቱላችሁ ጠይቁ። አንድ ክንድ አይደለም፣ ሁለት ሜትር። መብራት አስጠፉ፣ እዩ። መልሰው ያብሩት፣ አሁንም እዩ። ሱቁ ጠባብ ነው ካሏችሁ ኮሪደር አለ፣ ስቶር አለ። ይሄን ለማሳየት የሚያንገራግር ሻጭ ለምን እንደሚያንገራግር ያውቃል።

ቀጥሎ ምንም ቪዲዮ ሳይከፈት ባዶ ነጭ ወይም ሰማያዊ ገጽ ላይ አቁሟትና ግድግዳውን እዩ። ጥቋቁር ነጠብጣብ ካለ ውስጧ አቧራ ገብቷል። ርካሾቹ የብርሃኑ መንገድ ስለማይታሸግ ማራገቢያው አቧራውን እየሳበ ፓኔሉ ላይ ያስቀምጠዋል፤ በበጋ አቧራ ደግሞ የአዲስ አበባን መንገድ ታውቁታላችሁ። ቢጫ ወይም ወይን ጠጅ እድፍ ካያችሁ ጭራሽ አትንኳት። ያ ውስጧ በሙቀት ተቃጥሏል ማለት ነው፣ በጨርቅ ተጠርጎ አይለቅም።

አሁን ሃያ ደቂቃ ቁጭ በሉ። ሰው ሲቸኩል ነው የሚሸወደው። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ትግላለች፣ ማራገቢያዋ ይጮሃል፣ ምስሉ ከፎከስ መውጣት ይጀምር እንደሆነ ይታያል። ጩኸቱን ከስፒከሯ ድምፅ ጋር አወዳድሩ፤ የመጀመሪያዋ የኔ ዕቃ ማራገቢያዋ ከተዋናዮቹ በላይ ይናገር ነበር። ብሉቱዝ ስፒከር ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱና አያይዙት፣ አፍና ድምፅ የማይገናኝ መሆን አለመሆኑን እዩ። ቤታችሁ ያለው ሪሲቨር አሮጌ ከሆነና ኤችዲኤምአይ ከሌለው ባለ ሦስት ቀለሙ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ እንዳላት አረጋግጡ።

"ተንቀሳቃሽ" ስለሚሉት ነገር ደግሞ። ትንሽ ናት ማለት ባትሪ አላት ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ርካሾች ባትሪ የላቸውም፣ ከሶኬት ከተነቀሉ ያው ቆርቆሮ ናቸው። መብራት ሲጠፋ አያለሁ ብላችሁ ከሆነ ፓወር ባንካችሁን ራሱን ሱቅ ወስዳችሁ ሰክታችሁ ሞክሩት። "ይሠራል" የሚለውን ቃል አትመኑ፤ ቻርጀሯ የሚሰጠው ቮልቴጅና ፓወር ባንኩ የሚሰጠው ካልተገናኘ ወይ አትነሳም ወይ ትነሳና መሃል ላይ ትጠፋለች። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በሚመጣው ዝላይም እንዳትቃጠል ንቀሏት፣ ወይም ስታብላይዘር ላይ አድርጓት።

ዋይፋይና ጂሜይል

ብዙዎቹ ውስጣቸው አንድሮይድ አለ። ዩቲዩብ ይከፍታሉ፣ ኔትፍሊክስ ግን ፈቃድ ስለሌላቸው ወይ እምቢ ይላል ወይ ብዥ ባለ ጥራት ይመጣል። ስልክ አንጸባርቄ አየዋለሁ ብትሉ ደግሞ የቅጂ መብት ጥበቃው ድምፁን ልኮ ምስሉን ጥቁር ሊያደርግባችሁ ይችላል። ይሄ ግን ትንሹ ጉዳይ ነው።

ትልቁ፣ አንዳንድ ርካሽ ዕቃ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ቫይረስ ይዞ መምጣቱ ነው። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ባድቦክስ 2.0 ስለሚባለው ነገር ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ከቲቪ ቦክሶች ጋር ፕሮጀክተሮችንም በስም ጠርቷቸዋል። ዕቃው ቤታችሁ ኢንተርኔት ላይ ከተገናኘ በኋላ ለሌቦች በር ይከፍታል፣ እናንተ ካርቱን እያያችሁ ሌላ ሰው በእናንተ መስመር ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ ዋናውን ጂሜይላችሁን አታስገቡባት፣ ከባንክ ጋር የተያያዘውን ደግሞ በጭራሽ። የማይታወቅ አፕ ጫኑ ስትል አትጫኑ። እኔ የራሴን ዋይፋይ ላይ አገናኝቻት አላውቅም፤ ፍላሽ፣ ሪሲቨር ወይም ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ፣ አለቀ።

ቤት ከገባች በኋላ

ግድግዳችሁ ነጭ ካልሆነ ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት አንሶላ ሞክሩ። ወፈር ያለ ነጭ አንሶላ፣ ተተኩሶ፣ አራቱም ጥግ ተወጥሮ። ከጀርባው ጥቁር ጨርቅ ብታደርጉ ከኋላ የሚመጣ ብርሃን አይረብሽም። ነጠላ አይሆንም፣ ብርሃኑን ያሳልፈዋል። ጋቢም ሞክረናል፣ ፈትሉ የተዋናዩ ፊት ላይ ተቆጠረ።

ፕሮጀክተሯን ከግድግዳው ጋር ፊት ለፊት አስቀምጧት። ከጎን ወይም ከታች አዘንብላችሁ ምስሉን በኪስቶን ማቃናት ይቻላል፣ ግን ማቃኛው ከምስሉ እየቆረጠ ነው የሚያቃናው። ጥራቱም ብርሃኑም ይቀንሳል። ወንበር ላይ መጽሐፍ ደርባችሁ ከፍ ማድረግ ከየትኛውም ማስተካከያ ይሻላል። የአየር ማስገቢያዋን አትክደኑባት፣ አልጋ ልብስ ላይ አታስቀምጧት፣ ስትጨርሱ ጨርቅ አልብሷት።

ሌላ ምርጫ አለ ወይ? አለ፣ ብዙ ሰው ግን አያስበውም። ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ኤፕሰን ነው። ትልቅ ነው፣ መልኩ የመሥሪያ ቤት ነው፣ ሳሎን አያምርም፣ ግን ብርሃኑ እውነተኛ ነው። መጋረጃ ዘግታችሁ የቅዳሜውን ጨዋታ በቀን ታዩበታላችሁ። ስትገዙ ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ አምፖሉ የሠራበትን ሰዓት እዩ፤ የብዙዎቹ ዕድሜ ከ5000 ሰዓት ወዲያና ወዲህ ነውና 4500 ላይ የደረሰ ካገኛችሁ አዲስ አምፖል የምትገዙበትን ዋጋ ከላዩ ቀንሳችሁ ተከራከሩ። ሰዓቱ ዜሮ የሚል ከሆነም አትደሰቱ፣ ዜሮ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ኤችዲኤምአይ እንዳለው እዩ። አምፖሉ እንደጋለ መብራት ድንገት ሲጠፋበት አይወድም፣ ሰፈራችሁ መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ አስቡበት። ቀን ቀን ዜና የሚከታተሉ አባትና እናት ላሉበት ቤት ከሆነ ግን ሁለቱንም ተዉትና 32 ኢንች ቲቪ ግዙ።

ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ "ገዝተህ ላክ" ብቻ አትበሉት። መጀመሪያ እሱ ቤት ሁለት ማታ ይክፈታት። እዚያ ሳለች ትመለሳለች፣ ሻንጣ ውስጥ ገብታ ቦሌ ከደረሰች በኋላ ግን ማንም አይመልሳትም። ቻርጀሯ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩንም ያይላችሁ።

እዚሁ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ደረሰኙ ግርጌ ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የምትለዋን ማኅተም ታውቋታላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ከጀርባው "በሳምንት ውስጥ ከተበላሸ ይቀየራል" ብሎ በእጁ እንዲጽፍና እንዲፈርም ጠይቁት። ሁለተኛዋን የሸጠልኝ ልጅ ትንሽ አጉረምርሞ ጻፈልኝ። አልጽፍም ካለ ሌላ ሱቅ ግቡ፣ ዕቃው በየሱቁ ሞልቷል።